ከጎኑ ሰው የሌለው ሠራተኛ

የሠራተኛ ማኅበር ሲዳከም ቀድሞ የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ነው። ሊቀመንበሩ ገና ስብሰባ ይጠራል፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ለሜይ ዴይ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፤ ፔሮሉ ላይ ግን «የማኅበር መዋጮ» የሚለው ዓምድ ከወር ወር እየሳሳ ይሄዳል። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እዚያ ዓምድ ፊት ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኋላ ደግሞ ለባንኮችና ለሆቴሎች ጥበቃና ፅዳት የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ። ፋብሪካው ስገባ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነበር። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓምዱ ራሱ የለም።

ማኅበር ሞቷል የሚሉ ሰዎች አሉ። አልሞተም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሥሩ ዘጠኝ ፌዴሬሽኖች ይዞ ዛሬም አለ፤ በትልልቆቹ ባንኮች፣ በነባር የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ውስጥ ከአሠሪው ጋር ተደራድረው የተፈራረሙት ጥሩ የኅብረት ስምምነት ያላቸው ማኅበራት አሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማኅበሩ ቋሚ ቅጥር ያለው፣ ደመወዙ ደህና የሆነ፣ ተምሮ መብቱን ማንበብ የሚችል ሰው ዘንድ ቀርቷል። በር ላይ የሚቆመው፣ ወለል የምትወለውለው፣ በኮንትራት የሚሰፋው፣ ማለትም ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ዘንድ አይደርስም።

ፋብሪካው ውስጥ ማኅበር ማለት ምን እንደነበር ልናገር። ከፈትል ክፍል አንዲት ልጅ በተደጋጋሚ አርፍዳ በመምጣቷ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበች። የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ይዤ የገባሁት እኔ ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ። ከአስተዳደር ሦስት ሰው፣ ከማኅበሩ ሁለት። ልጅቷ ነጠላዋን በጣቷ እየጠቀለለች ቀና አላለችም። የሰው ኃይል ኃላፊው ስንት ቀን እንዳረፈደች አነበበ፤ ስንብት እንዲወሰን ጠየቀ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የድሮ መካኒክ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል? የፈረመችበትን አሳዩኝ።» ፋይሉ ተገለበጠ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አለ፣ ፊርማዋም አለበት። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ፊርማ የለም፤ እንደደረሳት የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እንግዲህ ይህቺ ልጅ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ እንዳላት አታውቅም» አሉ። የአሥር ቀን ደመወዟ ተቀጥቶ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ንግግር ያደረገ የለም፤ መፈክርም አልነበረም።

አሁን ሕጉ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ቁጥር አስቀምጧል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በማርፈድ ወዲያውኑ የሚሰናበተው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ አርፍዶ፣ በጽሑፍም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆነ ነው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈውም የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቢሮ ተጠርታ ሁለት አለቆች ፊት የቆመች የሀያ ዓመት ልጅ ቀን ቆጥራ «አልፏችኋል» ልትል አትችልም። ቢሮው ውስጥ ሕጉን የሚያውቅና ለሥራው የማይፈራ ሌላ ሰው መኖር አለበት።

ደመወዝ መስኮቴ ላይም እንዲሁ ነበር። ጋሼ ሠራተኛ አስከትለው መጥተው፣ «ይህቺ እሑድ ገብታለች፣ ትርፍ ሰዓቷ በሁለት ነው የሚባዛው፤ እስቲ ደግመሽ እይው» ይሉኝ ነበር። የሚያጣራ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ገና ስሠራው ሁለት ጊዜ አየው ነበር። ብዙ ሰው ማኅበርን በአድማና በሰልፍ ብቻ ያስበዋል። እኔ ያየሁት ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ ሒሳብ ሠሪው፣ ፎርማኑ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ከመሳሳታቸው በፊት እንዲጠነቀቁ ማድረግ። ማኅበሩ ሲዳከም ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሕግ እጥሳለሁ ብሎ ሳይነሳ ጥንቃቄው ቀስ በቀስ ይጠፋል። የእሑዱ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ የጠየቀ የለም።

ይህን የመደራጀት መብት ማንም በልግስና አልሰጠንም። ሕጉ ገና ሳይፈቅድ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞችና የወንጂ ስኳር ሠራተኞች በመረዳጃና በእድር ስም ተሰባስበው ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማኅበሩ ሥር እድር ነው፤ ቀብር የሚያወጣው ኮሚቴ ነው ኋላ ስለ ደመወዝ መነጋገር የጀመረው። ኮንፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በዚያው ዓመት ነው። በየካቲት 1966 መጨረሻ ላይ ደግሞ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ሠራተኛው ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ይህ ወለል ዛሬም የለውም። የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይቋቋማል ብሎ ጻፈ፤ ዓመታት አለፉ፣ በመካከሉ ብር ተዳከመ፣ ዘይትና ጤፍ የት እንደደረሱ ሁላችንም እናውቃለን፤ የፅዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን አሁንም ቀጣሪዋ ደስ ያለውን ያህል ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ የሥራ አዋጅ አወጣ፣ የቀድሞውን ኮንፌዴሬሽን ዘጋ፣ ኋላም በምትኩ የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን አቆመ። አባል ያልሆነ ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ እንደዚያ ገዝፎ ድምፁ እንደዚያ ያነሰበት ዘመን የለም። በእኔ እምነት የዛሬው ድክመት አንዱ ሥር እዚያ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ «ማኅበር» ሲባል ቀበሌና ስብሰባ፣ መዋጮና ግዳጅ ነው የሚታወሰው። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ማኅበራት እንደገና ተደራጁ። ብዙም ሳይቆይ በዳዊ ኢብራሂም የሚመራው ኮንፌዴሬሽን የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ፕሮግራም ተቸ፣ መሪዎቹ ተከፋፈሉ፣ በ1987 ኮንፌዴሬሽኑ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1989 በሌላ አመራር ነው። ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ አንገቱን ቀና ያደረገ መሪ አይቆይም።

የእኛ ፋብሪካ ማኅበር ግን የወደቀው በፖለቲካ አይደለም። ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ። አዲሱ ባለቤት ማኅበሩን አልነካም፤ ሊቀመንበሩን ሻይ ይጋብዝ ነበር። ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ በቦታው በስድስት ወር ኮንትራት መቅጠር ጀመረ። የኮንትራት ሠራተኛ ማኅበር እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ የለም። እንዲያውም አንድን ሠራተኛ የማኅበር አባል በመሆኑ ማሰናበት ሕጉ በግልጽ የከለከለው ነው። ግን ማን ያሰናብተዋል? «ኮንትራትህ አልቋል» ማለት ብቻ በቂ ነው፤ ምክንያት አይጠየቅበትም። የመዋጮ ቅጽ ለመፈረም መስኮቴ ድረስ መጥተው፣ እስክሪብቶ አንሥተው፣ «ሲታደስልኝ እፈርማለሁ» ብለው የተመለሱ ልጆች አሉ። ሲታደስም ለስድስት ወር ነው።

ማኅበሩም ከደሙ ንጹሕ አልነበረም፤ ይህን ካልተናገርኩ ለሠራተኛው አላዘንኩም ማለት ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ የመጡት መሪዎች ቋሚውን ሠራተኛ ብቻ ነበር የሚቆጥሩት። የኅብረት ስምምነቱ ሲታደስ የተደራደሩት ስለ ዓመታዊ ጭማሪና ስለ ቋሚዎች የሕክምና ወጪ ነው። ኮንትራቶቹ ቱታቸውን ከኪሳቸው እንዲገዙ ሲወሰን ማኅበሩ አልጠየቀም፤ «አባሎቻችን አይደሉም» ተባለ። እውነት ነው፣ አባል አልነበሩም። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን የማሽን ክፍሉ አብዛኛው ኮንትራት ሆነ፤ አስተዳደሩም «ስንት ሰው ወክላችሁ ነው የምትናገሩት?» ብሎ የመጠየቅ ድፍረት አገኘ።

በኢንዱስትሪ ፓርኮቹ የሆነው ደግሞ ማኅበር ከጅምሩ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። የሐዋሳው ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት አገር ሁሉ ተደስቷል፤ እኔም ተደስቻለሁ፤ ለልጆቻችን ሥራ ነው። በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ፤ ከዓለም ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው። ማኅበር በሌለበት ልጆቹ በዚያው ዓመት ራሳቸው ሥራ አቁመው ወጡ። ማኅበር የሌለበት አድማ አስቸጋሪ ነው፤ አሠሪው ልስማማ ቢል እንኳ ከማን ጋር ይፈራረማል? ስለዚህ የብዙዎቹ ተቃውሞ ዝም ብሎ መልቀቅ ሆነ፤ ጥቂት ወር ሠርቶ፣ ሻንጣ ይዞ ወደ ወላጅ ቤት ወይም ወደ አረብ አገር። አረብ አገር ደግሞ በከፋላ ሥርዓት በአሠሪዋ ስም ታስራ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች፤ እዚያ ስለ ማኅበር ማውራት ራሱ ቅንጦት ነው። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ዕቃን ያለቀረጥ የማስገቢያውን የአጎዋን ዕድል ስትዘጋም ከፓርኮቹ የተቀነሱት ሠራተኞች ስለ ካሳቸውና ስለ መመለሻቸው የሚከራከርላቸው የራሳቸው ድርጅት ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ትልቅ ባንክ ቅርንጫፍ ብትገቡ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ብዙ ጊዜ የማኅበር አባል ናት። የቤት ብድር በአነስተኛ ወለድ፣ የሕክምና ሽፋን፣ የደረጃ ዕድገት ሥርዓት፣ ቅሬታ የምታቀርብበት መንገድ በኅብረት ስምምነት ተጽፎላታል። ሲገቡ የፈተሻችሁ ጥበቃ ግን የባንኩ ሠራተኛ አይደለም። የኤጀንሲ ነው። በዚያው ሕንፃ ሲቆም ያድራል፣ የባንኩን ገንዘብ ይጠብቃል፣ የሚያዝዘው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ቀጣሪው ግን ሌላ ሰፈር ያለ ቢሮ ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው እኔ የምሠራው።

ሕጉ 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። እኛ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉን። ግን አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ሳሪስ፣ አንዱ ሲኤምሲ ነው የሚቆመው፤ ሃያ አራት ሰዓት ቆሞ ሃያ አራት ሰዓት ይተኛል። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛው በደመወዝ ቀን ሰልፍ ላይ ይገናኝ ነበር፤ ወሬውም፣ ቅሬታውም፣ የማኅበሩ ምርጫም እዚያ ሰልፍ ላይ ነበር የሚጀመረው። አሁን ደመወዝ በአካውንት ይገባል። ጥበቃዎቻችን እርስ በርስ አይተዋወቁም። በቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ በሐሰተኛ ስም ይሳደባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቀልዳሉ። ግሩፑ ግን በማንም ፊት ቆሞ አያውቅም።

ጥበቃ እንዴት እንደሚሰናበት ልንገራችሁ። ስልክ ይደወላል። ከቅርንጫፉ አንድ ሰው «ያንን ሰውዬ ቀይሩልን» ይላል። ምክንያት ላይነገር ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁ መኪናውን ሲያቆም ቶሎ አልተነሳለትም ይሆናል። ሱፐርቫይዘሩ ጥበቃውን ጠርቶ «ሌላ ሳይት እስኪገኝ እቤትህ ጠብቅ» ይለዋል። ሳምንት፣ ወር፣ ሁለት ወር። የስንብት ደብዳቤ አልተሰጠውም፣ ስለዚህ አልተባረረም፤ ደመወዝም የለም፣ ስለዚህ አልተቀጠረም። ዲሲፕሊን ኮሚቴ የለም፣ ፋይል የሚገለብጥ የለም፣ «የፈረመበትን አሳዩኝ» የሚል የለም።

አንድ ጠና ያለ ጥበቃ ካፖርቱን እንደለበሰ መስኮቴ ላይ መጥቶ፣ «እትዬ፣ የእኔን ነገር እስቲ ኮምፒዩተሩ ላይ እዪልኝ፤ አለሁ ወይስ የለሁም?» አለኝ። አየሁት። ስሙ ከወሩ ፔሮል ላይ ወጥቷል፤ ካለፈውም፣ ከዚያ በፊት ካለውም። ወደ ሥራ መመለስ የሚጠይቅ ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ገደብ ማለፍ፣ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ6 ወር። እሱ ሳይት ይገኝልኛል ብሎ ሲጠብቅ ቀኑ አልፎበታል። መቼ ተቋረጠ የሚለው ራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ ግን ማን ይከራከርለት? ያውም ደብዳቤ በእጁ ሳይኖር። ከፋብሪካው ጋሼ ጋር አንድ ቀን ቢገናኝ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት «ደብዳቤ ጠይቅ» ይሉት ነበር። ያ ብቻ ይበቃው ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም የሥራ ጠባያቸው እስከፈቀደ ድረስ የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን አይመለከታቸውም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር አላቋቋመላቸውም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ሥራ ሲያቆሙ ያየነው ይህንኑ ነው። የሙያ ማኅበራት አሏቸው፤ ለመደራደርና ለመፈራረም ሥልጣን ያለው ማኅበር ግን የላቸውም። ጥያቄያቸው በፌስቡክ ተጻፈ፣ መልሱ ለበርካቶች እስር ሆነ። ሐኪም እንኳን እንዲህ ከሆነ የእኔ ጥበቃ ምን ይሁን?

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሠራተኛ 20 ያህሉ የማኅበር አባል ነበር፤ በ2024 ከ10 በታች ወርዷል። ግን እዚያም ቢሆን የሚገርመኝ ነገር አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉት ኤርፖርቶች ዊልቸር የሚገፉት፣ ሻንጣ የሚያነሡት፣ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በኮንትራክተር የተቀጠሩ ናቸው፣ ኤርፖርቱ «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ሊል ይችል ነበር። የእነሱ ማኅበር ግን ኮንትራክተሮቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረውን ባለሥልጣን ራሱን ያዘ። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ማንም ሰው፣ ቀጣሪው ማንም ይሁን፣ ከዚህ በታች አይከፈለው አለ። ባለሥልጣኑ በ2017 እ.ኤ.አ. ያንን የደመወዝ ወለል አጸደቀ። አገራቸው ውስጥ የማኅበር ቅጽ ፈርመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ይህን ከጠየቁት ውስጥ የነበሩት።

እኛም አቅሙ የለንም አልልም። በ2010 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ በአዲሱ የሥራ ሕግ ረቂቅ ላይ አገር አቀፍ አድማ እጠራለሁ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ረቂቁ ቆሞ እንደገና ውይይት ተደርጎበታል። የደመወዝ ግብር የማይነካው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለውም በ2017 ነው፤ ከሚገባው እጅግ የዘገየና ያነሰ ቢሆንም የዓመታት ውትወታ አለበት። ክንዱ አለ። ክንዱ የሚዘረጋው ለማን እንደሆነ ነው ጥያቄዬ።

ስለዚህ የባንክ ማኅበራት መሪዎች ይህን ቢያነቡ በግልጽ የምጠይቃቸው አለኝ። የኅብረት ስምምነታችሁ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። በሚቀጥለው ድርድር ላይ የራሳችሁን ጭማሪ ጠይቁ፣ ይገባችኋል። ከዚያ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አስገቡ፤ ባንኩ ከኤጀንሲ ጋር ሲዋዋል ለጥበቃውና ለፅዳቷ ሠራተኛ በእጅ የሚደርሰው ዝቅተኛ ደመወዝ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ቅርንጫፍ ሰው ይቀየርልኝ ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ያ ሰው ሲጠራም የእናንተ ተወካይ አብሮት ይቀመጥ። ባንኩ ብዙ አይጎዳም። ኤጀንሲዎች በዋጋ ብቻ መወዳደራቸውን ያቆማሉ፤ ይህን የምለው የምንወዳደርበትን ዋጋ ከየት እንደምንቀንስ ስለማውቅ ነው። የምንቀንሰው ከሰውዬው ነው።

እስከዚያው ድረስ ይህን የምታነበው የኤጀንሲ ወይም የኮንትራት ሠራተኛ ከሆንክ፤ «እቤትህ ጠብቅ» ከተባልክ ቀኑን ጻፈው፣ የተባለውንም በጽሑፍ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ የጠየቅክበትን ደብዳቤ ቅጂ ያዝ። ሦስት ወር ሳይሞላ ለክፍለ ከተማህ የሥራ ጉዳይ ቢሮ ወይም ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አመልክት፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም። ኤጀንሲህ ውስጥ የምታውቃቸው ዘጠኝ ሰዎች ካሉ ደግሞ አንተ አሥረኛው ነህ፤ ለምዝገባው ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ ሰው ከኮንፌዴሬሽኑ ቢሮ ጠይቅ።